ውሃ ሲላተም ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል?

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1969 ሦስት ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች በአንድ ወር ውስጥ ፈነዱ። ማርፔሳ፣ ማክትራ እና ኮንግ ሆከን ሰባተኛ። እያንዳንዳቸው ከ200,000 ቶን በላይ ይጭናሉ። ማርፔሳ ሰመጠች። ሁለቱ ክፉኛ ተጎድተው ተረፉ።

የሚገርመው፣ ሦስቱም ሲፈነዱ ነዳጃቸውን አራግፈው ነበር። ሠራተኞቹም በሦስቱም ላይ የያዙት ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ታንክ ማጠብ። በውሃ።

ታንኩ ውስጥ የቀረው የነዳጅ ትነት ከአየር ጋር ከተደባለቀ ለመፈንዳት ዝግጁ ነው። ይህ ድሮም የታወቀ ነው። ግን ክብሪቱን ማን ጫረው? ምርመራው ጣቱን የቀሰረው በራሱ በማጠቢያው ውሃ ላይ ነበር። በከፍተኛ ግፊት የሚወረወረው ውሃ ከብረቱ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ይፈረካከሳል። ታንኩን ጉም ይሞላዋል። ያ ጉም ኤሌክትሪክ የያዘ ጉም ነው። በጉሙ መሃል ቁልቁል የሚወርድ ተለቅ ያለ ውሃ ወይም የብረት ዕቃ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ብልጭ ይላል። ለትነቱ ያቺው ትበቃዋለች።

ዛሬ ትልልቆቹ ታንከሮች በሚታጠቡበት ጊዜ ታንካቸው ኦክስጅኑ ከ8 በመቶ በታች በሆነ ጋዝ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ ከመርከቡ ከራሱ ጭስ ማውጫ ተወስዶ የታጠበና የቀዘቀዘ ጭስ ነው። ብልጭታ ቢነሳ እንኳ እሳቱ የሚተነፍሰው አየር አያገኝም።

የመርከቡ ጉዳይ በዚህ አለቀ። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላው ጥያቄ ነው። ማንም ሶኬት ላይ ያልሰካው ውሃ፣ ግድግዳ ስለመታ ብቻ ኤሌክትሪኩን ከየት አመጣው?

ከየትም አላመጣውም። ቻርጁ ድሮም ውስጡ ነበር።

እዚህ ላይ ቻርጅ የምለው ስልካችን ላይ የምናደርገውን አይደለም። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን «ሙል» የሚለውን ነው፤ አዎንታዊና አሉታዊ እየተባለ የሚከፈለውን። ማንኛውም ነገር ውስጥ ሁለቱም በብዛት አሉ፤ እኩል ስለሆኑ ግን ተጣፍተው አይታዩም። ኪሴ ውስጥ 100 ብር አለ፣ ለሰው ደግሞ 100 ብር ዕዳ አለብኝ እንበል። ሂሳቤ ዜሮ ነው። አንድ ሰው ብሩን ይዞ ወደ ምሥራቅ፣ የዕዳውን ወረቀት ይዞ ሌላው ወደ ምዕራብ ቢሄድ ግን አንዱ ባለ 100፣ ሌላው ባለ ዕዳ ይሆናል። አዲስ ገንዘብ አልታተመም። የግጭት ኤሌክትሪክ ጠቅላላ ታሪኩ ይኸው ነው። ከባዱ፣ የሚፈላለጉትን ሁለቱን ማን ለያያቸው የሚለው ነው።

ነገሩን በደንብ ያጠናው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሰው ፊሊፕ ሌናርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ስለ ፏፏቴዎች ኤሌክትሪክ የጻፈውን ጥናት አሳተመ። ፏፏቴ አጠገብ ያለው አየር አሉታዊ ሙል እንደሚይዝ ከእሱ በፊትም ታይቶ ነበር። ሌናርድ ነገሩን ቤተ ሙከራ አስገባው፤ ውሃን በቀጭኑ እያወረደ ከሰሌዳ ጋር አላተመው። ደቃቁ ርጭት አሉታዊውን ይዞ አየር ላይ ይቀራል። ትልልቁ ጠብታ አዎንታዊውን ይዞ ይወድቃል። ውሃው ላይ ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። (ሰውየው በሌላ ሥራው በ1905 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በኋላ የለየለት የናዚ ደጋፊ ሆኖ የአንስታይንን ፊዚክስ «የአይሁድ» እያለ ሲያወግዝ ኖረ። ጥሩ ሙከራ ለመሥራት ጥሩ ሰው መሆን ግድ አይልም ማለት ነው።)

የእኛ ሰዎች ፏፏቴውን ጢስ ዓባይ ብለው የሰየሙት ያንኑ ደቃቅ ርጭት አይተው ነው። ሌናርድ ቢያየው ጢሱ አሉታዊ ነው ይል ነበር። በነገራችን ላይ «የፏፏቴ አየር ቤትዎ ድረስ» እያሉ አሉታዊ አዮን (ሙል የያዘ አቶም ወይም ሞለኪውል) የሚረጭ ማሽን የሚሸጡ ሰዎች አሉ። አዮኑ እውነት ነው። ከማሽኑ ጋር የሚጠቀሰው የበሽታ ዝርዝር ግን የሻጩ ነው። ፏፏቴ አጠገብ ደስ የሚለን ስለ ሌላ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ሥራ ቦታ ስላልሆንን።

አሁን ወደ አንዲት ጠብታ እንቅረብ። ከዳር እስከ ዳር 2 ማይክሮሜትር ትሁን፤ ከጸጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ታንሳለች። ውስጧ ወደ 140 ቢሊዮን የውሃ ሞለኪውል አለ። ውሃ ንጹህም ቢሆን ሞለኪውሎቹ አልፎ አልፎ እየተሰነጠቁ አዮን ይሆናሉ፤ በማንኛውም ቅጽበት ከ550 ሚሊዮን ሞለኪውል አንዱ ተሰንጥቆ ይገኛል። ስለዚህ በጠብታችን ውስጥ 250 ያህል አዎንታዊና 250 ያህል አሉታዊ አዮኖች ይዋኛሉ። ጠብታዋን ለሁለት ስንሰነጥቃት ክፍፍሉ እኩል ይሆናል? 250 ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሩ፤ ልክ 125 አንበሳ አይወጣም። አንዱ ግማሽ ጥቂት ፕላስ ይተርፈዋል፣ ሌላው ጥቂት ማይነስ። መሰንጠቅ ብቻውን ሙል ይለያያል።

ግን ይህ ዕድል ብቻ ነው፤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። ሌናርድ በንጹህ ውሃ ያየው ግን ሁልጊዜ ደቃቁ አሉታዊ ሲሆን ነው። የእሱ መልስ የውሃ «ቆዳ» ነው። የውሃ የላይኛው ገጽ ከሆዱ ይለያል፤ አሉታዊው ወደ ውጭ፣ አዎንታዊው ከሥሩ ይደረደራል። ግጭት ቆዳውን ሲገፈው ደቃቁ ርጭት ከላይኛው ንብርብር ይወጣል። ቆዳውን አሉታዊ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ግን ዛሬም ኬሚስቶችን ያጨቃጭቃል።

እዚህ ድረስ የተነጋገርነው ስለ ጠብታ ነው። ጠብታ ከሞለኪውል አንጻር አገር ነው። በጣም ብናሳንሰውስ? 1,000 ሞለኪውል ብቻ ብናስቀርስ?

ይህን ነው ሳይንቲስቶች ክላስተር የሚሉት። በእኛ «ዘለላ» ብንለው ያምርበታል፤ የወይን ዘለላ እንደምንለው፣ የእንባ ዘለላ እንደምንለው። የ1,000 ውሃ ዘለላ ከዳር እስከ ዳር 4 ናኖሜትር ያህል ነው። ፈሳሽ ነው ወይስ ጋዝ ብሎ መጠየቅ እዚህ ያስቸግራል፤ ከሞለኪውሎቹ ብዙዎቹ ቆዳው ላይ ናቸውና።

አሠራሩ ብዙም አያስቸግርም። ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲተነፍስ እጃችሁን አስጠግታችሁ ከሆነ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው። ታምቆ የነበረ ጋዝ ድንገት ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ ጋዙ የሚለቀቀው በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ፣ አየር ወደሌለበት ክፍል ነው። እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ እየተቃቀፉ ዘለላ ይሠራሉ። ዘለላዎቹም በሰከንድ 1 ኪሎሜትር ያህል እየበረሩ ይሄዳሉ። ፊት ለፊታቸው አንድ ንጹህ ገጽ ይቆምላቸዋል።

ሲላተሙ ምን ይሆናሉ? የጋለ መጥበሻ ላይ ውሃ ጣል ያደረገ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። መጥበሻው በጣም ከጋለ ጠብታዋ አትጠፋም፤ ከሥሯ በሚወጣው እንፋሎት ላይ ተንሳፋ እየተንከባለለች ትሄዳለች። የውሃ ዘለላዎችን ከጋለ ግራፋይት ጋር ያላተሙ ተመራማሪዎችም የሚመስል ነገር አይተዋል። በሰያፍ የመጣ ዘለላ በከፊል ይተንና የቀረው ገጹን ታክኮ ይሸሻል። ፊት ለፊት የመጣው ግን ይጨፈለቃል። ሁሉም ነገር የሚሆነው በጥቂት ፒኮሰከንድ ውስጥ ነው፤ ፒኮሰከንድ ማለት የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው። የፊተኞቹ ሞለኪውሎች ቆመዋል፣ የኋለኞቹ ገና እየመጡ ነው። በዚያች ቅጽበት መሃሉ ላይ ያለው ግፊትና ሙቀት በሌላ መንገድ በቀላሉ የማይገኝ ነው።

ከግጭቱ በኋላ ከሚነሱት ፍርስራሾች ጥቂቶቹ ሙል ይዘው ይገኛሉ። አንዳንዱ ፕላስ፣ አንዳንዱ ማይነስ። አብዛኛው ባዶውን ይመለሳል፤ ዘለላው ትልቅ በሆነ ቁጥር ግን ዕድሉ ያድጋል።

እዚህ ላይ የጠብታው ማብራሪያ ይከዳናል። ከ550 ሚሊዮን ሞለኪውል አንዱ ብቻ ከተሰነጠቀ፣ ባለ 1,000ው ዘለላ ውስጥ አዮን ለማግኘት 550,000 ዘለላ መፈተሽ ሊኖርብን ነው። የሚከፋፈል ነገር ውስጡ የለም ማለት ነው። ታዲያ ያ ሙል ከየት መጣ?

ሂሳቡን በብር እንሥራው። ፊዚክስ ኤሌክትሮን ቮልት የምትለውን የኃይል መለኪያ «ብር» እንበላት። አንድ የውሃ ሞለኪውል በሰከንድ 1 ኪሎሜትር ሲበር ኪሱ ውስጥ ያለው 9 ሳንቲም ብቻ ነው። ከአንድ የሶዲየም አቶም ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚጠየቀው 5 ብር ከ14 ሳንቲም ነው። ብቻውን የመጣ ሞለኪውል ዋጋውን ሰምቶ ይመለሳል።

ዘለላ ግን ዕቁብ ነው። 1,000 አባል 9 ሳንቲም ሲያዋጣ ከ90 ብር በላይ ይሆናል። ችግሩ ወጪው ብዙ መሆኑ ነው። አንድ ሞለኪውል ከዘለላው ተንኖ ሲሄድ 45 ሳንቲም ያህል ይዞ ይሄዳል። ገጹም ይሞቃል፣ ይነዝራል፣ ድርሻውን ይወስዳል። ለአንድ ሙል የሚተርፈው ከባድ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ቅናሽ ያስፈልጋል፤ ሁለት ቅናሽም አለ።

የመጀመሪያው ከገጹ ነው። ንጹህ ነው የተባለ ብረት ላይ እንኳ ሶዲየምና ፖታሲየም አይጠፋም። እንዲህ ያለ አቶም ብረት ላይ ሲቀመጥ የውጭ ኤሌክትሮኑን ለብረቱ ሊለቅ ተቃርቧል። ኤሌክትሮኑን የተረከበው ብረት ከዋጋው 4 ብር፣ 5 ብር ያህሉን ይመልሳል። ቀሪው ዕዳ አዮኑን ከገጹ ነቅሎ መውሰጃ ነው፤ ብረቱ አዮኑን ወደ ራሱ መሳቡ አይቀርምና።

ሁለተኛው ቅናሽ ከውሃው ነው። ድስት ውስጥ ጨው ስትጨምሩ ለምን እንደሚሟሟ አስቡ። ጨው ሶዲየምና ክሎሪን በኃይል የተያያዙበት ድንጋይ ነው። እሳት እንኳ በቀላሉ አያለያያቸውም። ለብ ያለ ውሃ ግን ሳይታገል ይፈታቸዋል። የውሃ ሞለኪውል ሁለት ፊት አለው፤ ኦክስጅኑ ወገን ትንሽ ማይነስ፣ ሃይድሮጅኑ ወገን ትንሽ ፕላስ። ሶዲየም ፕላስ ሆኖ ሲመጣ ውሃዎቹ ኦክስጅናቸውን ወደ እሱ አዙረው እንደ ሚዜ ይከቡታል። የሁለቱ መሳሳብ ውሃ ውስጥ ሲገቡ 80 ጊዜ ያህል ይዳከማል። የመጀመሪያው የውሃ ሞለኪውል ብቻውን ሶዲየም አዮንን ሲያቅፍ 1 ብር ያህል ያስገኛል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያነሰም ቢሆን ይጨምራሉ። ሚዜው ሲበዛ ዕዳው ይከፈላል።

እንግዲህ ዘለላው ገጹን ይመታል፣ ይዘረጋል፣ እግረ መንገዱን የሶዲየሙን አዮን ያቅፋል፣ ይነሳል። ኤሌክትሮኑ ብረቱ ጋ ይቀራል። ያንን ሙል ዘለላው ይዞት አልመጣም፤ ከመታው ገጽ ላይ ለቅሞት ሄደ። ይህን መንገድ በግልጽ ያሳዩት ሙኒክ አጠገብ ጋርሺንግ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ኳንተም ኦፕቲክስ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ጌብሃርት፣ ሽሮደርና ኮምፓ ናቸው፤ በ1999። መንገዱ እንዲሠራ የዘለላው ሞለኪውሎች እንደ ውሃ ሁለት ፊት ያላቸው መሆን አለባቸው። አርጎንን የመሰለ፣ በሁሉም በኩል አንድ ዓይነት የሆነ አቶም ሚዜ መሆን አይችልም።

ከዚህ አንድ ብልህ መሣሪያ ወጣ። አንድ ፕሮቲን ወይም የፕሮቲን ቁራጭ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሙል ሰጥቶ መመዘን የተለመደ ነው። ግን ስስ ነገር ነው፤ በሌዘር ቢመቱት ሊበታተን ይችላል። ጀርመን ውስጥ የሚካኤል ዱር የምርምር ቡድን የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ዘለላዎችን ይወረውርበታል፤ በአንድ ዘለላ ከ1,000 እስከ 10,000 ሞለኪውል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድም ሁለት ፊት አለው። በአንድ ሞለኪውል የሚደርሰው ኃይል ከ1 ብር በታች ስለሆነ የፕሮቲኑን ማሰሪያ አይበጥስም። ዘለላው ግን ፕሮቲኑን ከገጹ አንስቶ፣ ለቅጽበት በሆዱ አሟሙቶ፣ ሙል አስይዞ ይሸኘዋል። ከዚያ ራሱ ተንኖ ይጠፋል። እኔ እንዲህ ያለ ትሑት መሣሪያ አላየሁም።

ስለ መብረቅም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የክረምት ደመና ሆድ ውስጥም ይኸው ዝምድና አለ፤ ቀላል የበረዶ ቅንጣት ከከባዱ በረዶ ጋር ይላተምና ይለያያል። ብዙውን ጊዜ ቀላሉ ፕላሱን ይዞ ወደ ላይ፣ ከባዱ ማይነሱን ይዞ ወደ መሃል። ቀሪውን ጆሯችን ያውቀዋል።

አሁን ፍጥነቱን እንጨምር። ሳተርንን ከምትዞራት ትንሽ ጨረቃ ከኤንሰለደስ ደቡባዊ ጫፍ የውሃ ትነትና የበረዶ ብናኝ ይተፋል። የጨረቃዋ ስፋት 500 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ካለው የመኪና መንገድ ጋር ይቀራረባል። በ1997 የተወነጨፈችው ካሲኒ መንኩራኩር በ2004 ሳተርን ደርሳ በሚቀጥለው ዓመት ይህን አየች። ካሲኒ ላይ ብናኝ የሚመረምር መሣሪያ ነበር። ዋናው ክፍሉ አንዲት የሮዲየም ብረት ሰሌዳ ናት። ብናኙ መጥቶ ይላተምባታል። በቃ።

ግጭቱ ግን የዋዛ አይደለም። በሰከንድ ከ6 እስከ 18 ኪሎሜትር። በብራችን ስናሰላው፣ በ6 ኪሎሜትር አንድ የውሃ ሞለኪውል 3 ብር ከ40 ሳንቲም ይይዛል። በ18 ደግሞ 30 ብር። እዚህ ላይ ዕቁብ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ሀብታም ነው። በዝግታ የመጣው ብናኝ ወደ ትልልቅ ዘለላዎች ይበታተናል። በፍጥነት የመጣው እስከ አቶም ድረስ ይደቃል።

መሣሪያው የሚልከው ምስል አይደለም፤ የክብደት ቁጥሮች ናቸው። 19፣ 37፣ 55፣ 73። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 18 ነው፤ የአንድ የውሃ ሞለኪውል ክብደት። 19 ማለት አንድ ተጨማሪ ፕሮቶን ያዘለ ውሃ ነው። 37 ሲሆን አንድ ውሃ ተጨምሮበታል። በረዶው ተሰብሮ የወጡ ዘለላዎች ተሰልፈው ሲያልፉ ማየት ነው። ጨው ያለበት ብናኝ ሲመጣ ሰልፉ ይለወጣል። 23 ይመጣል፤ ሶዲየም። ከዚያ 41፣ 59፤ ሶዲየም ከአንድ ውሃ፣ ከሁለት ውሃ ጋር። 81 ላይ ደግሞ አንድ ሶዲየም አንድ ሙሉ የገበታ ጨው ሞለኪውል አቅፎ ይታያል።

ፍራንክ ፖስትበርግና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት ይህንን ነው። ብናኞቹን ያገኙት ኤንሰለደስ በምትመግበው የሳተርን ቀለበት ውስጥ ነው። ከብናኙ ጨው የበዛበት ዓይነት ከክብደቱ 0.5 እስከ 2 በመቶው የሶዲየም ጨው ነበር። እንፋሎት ብቻውን ይህን ያህል ጨው ተሸክሞ አይወጣም። ፈሳሽ ውሃ ከድንጋይ ጋር ተገናኝቶ ጨዉን ማሟሟት አለበት። ከበረዶው ሥር ባሕር አለ የሚለው ክርክር ትልቅ ድጋፍ ያገኘው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። በ2023 ከዚያው መሣሪያ መዝገብ ውስጥ ፎስፌት፣ ለሕይወት የሚያስፈልገው የፎስፈረስ ጨው፣ ተገኘ። ካሲኒ በሴፕቴምበር 15፣ 2017 ሳተርን ውስጥ ገብታ ከተቃጠለች ስድስት ዓመት ሊሞላት ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ለማንበብ ምድር ላይ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። የበረዶ ብናኝን በዚያ ፍጥነት መወርወር አስቸጋሪ ስለሆነ ተመራማሪዎቹ ዘዴ ፈጠሩ፤ ከጸጉር የቀጠነ የጨው ውሃ ጅረት በቫኪዩም ውስጥ እያወረዱ በኢንፍራሬድ ሌዘር ያፈነዱታል። የሚበታተኑት ዘለላዎች ካሲኒ ያየቻቸውን ይመስላሉ። ጨዉን እየጨመሩ እየቀነሱ ሰልፉ እስኪመሳሰል መሞከር ነው፤ ወጥ እየቀመሱ ጨው እንደማስተካከል።

ገጹ ሁልጊዜ ዝም ብሎ የሚመታ እንዳይመስላችሁ። ካሲኒ ላይ የነበረው ሌላ መሣሪያ ጋዝ የሚቀበልበት ክፍል ግድግዳው ቲታኒየም ነበር። ፈጣኑ በረዶ ሲመታው ያልዛገ ትኩስ ቲታኒየም ይገለጣል። እሱ ደግሞ ከውሃው ኦክስጅኑን ነጥቆ ሃይድሮጅን ይለቃል። ስለዚህ መሣሪያው ሃይድሮጅን ባየ ቁጥር ከጨረቃዋ ይሁን ከራሱ ግድግዳ መለየት አልቻለም። በኦክቶበር 2015 ካሲኒ ኤንሰለደስ በምትተፋው ጉም መሃል ስታልፍ ጋዙ ግድግዳውን ሳይነካ በሚያልፍበት ሌላ አሠራር ለኩት። ሃይድሮጅኑ አሁንም አለ። በ2017 ይፋ ሆነ።

የጁፒተርን በረዷማ ጨረቃ ዩሮፓን የምታጠናው መንኩራኩር፣ ዩሮፓ ክሊፐር፣ በኦክቶበር 14፣ 2024 ወደ ጁፒተር ተወንጭፋለች። እሷም ብናኝ የሚላተምበት የብረት ሰሌዳ ይዛለች። በ2030 ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል። ብናኙ ያው በረዶ ከሆነ፣ 19 ቁጥር ላይ አንድ መስመር፣ 37 ላይ ሌላ።